የሒሳብ ሊቅ የሊዮናርድ ኦይለር አጭር ታሪክ

የ210 ዲግሪ ሳይን ስንት ነው ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ሰንጠረዡን ይገልጣል፤ ሰንጠረዡ ግን 90 ላይ ያበቃል። ይህን ድንበር የምንሻገርበትን ደንብ አጥርተው ከጻፉት ሊቃውንት ዋነኛው ሊዮናርድ ኦይለር ነው።

ኦይለር በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1707 ዓ.ም. ባዝል በምትባል የስዊስ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ስለ ነበረ ልጁም ቄስ እንዲሆንለት ይመኝ ነበር። ነገር ግን ዮሐን ቤርኑሊ የተባለው ስመ ጥር የሒሳብ መምህር የልጁን ተሰጥዎ ተመልክቶ አባትየውን አሳመነው። ኦይለር በ1727 በሩሲያ ወደ ፒተርስቡርግ አካዳሚ፣ በ1741 ደግሞ ወደ በርሊን ሄደ።

ከዚያ በፊት ሳይን ማለት በክብ ውስጥ የተሰመረ የአንድ መስመር ርዝመት ነበር፤ የክቡም ራዲየስ አንዳንድ ጊዜ 10,000,000 ተብሎ ይወሰድ ነበር። ኦይለር በ1748 በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ ራዲየሱን 1 አደረገው። በዚህም ሳይን ራሱን የቻለ ቍጥር ሆነ፤ ማዕዘኑም ከ90 አልፎ ክቡን ሊዞር ቻለ። በርግጥ ደንቡን ብቻውን አልፈለሰፈውም፤ ከርሱ በፊት የጀመሩት ነበሩ። እርሱ ግን ሁሉን በአንድ ሥርዐት አሰናዳው።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። 210 ከ180 የሚበልጠው በ30 ነው፤ የ30 ሳይን ደግሞ ግማሽ ነው። 210 ያረፈበት ሦስተኛው ሩብ ከአግዳሚው መስመር በታች ስለ ሆነ መልሱ ኔጌቲቭ ግማሽ ይሆናል። ከቋሚው መስመር በስተግራ ስለ ሆነም ኮሳይኑ ኔጌቲቭ ነው። ታንጀንቱ ግን ኔጌቲቭ ለኔጌቲቭ ተካፍሎ የሚገኝ ነውና ፖዚቲቭ ሆኖ ይወጣል፤ ብዙ ተማሪ የሚስተው ይህን ነው።

የኦይለር ቀኝ ዓይን በ1738 ጠፍቶ ነበር። በ1766 ወደ ፒተርስቡርግ ከተመለሰ በኋላ ግራ ዓይኑንም ሞራ ጋረደው። በ1771 ሐኪም ሞራውን ቢያነሣለት ብርሃኑ ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ እንደ ገና ጠፋ። በዚያው ዓመት ቤቱ ሲቃጠል አንድ የባዝል ሰው ከእሳቱ አወጣው። እርሱ ግን በቃሉ እያሰላ፣ ልጆቹና ደቀ መዛሙርቱ እየጻፉለት፣ ከድርሰቶቹ ግማሽ ያህሉን ያዘጋጀው በነዚህ የጨለማ ዓመታት ነው።

መስከረም 18 ቀን 1783፣ እንዲሁ በኤውሮጳ አቈጣጠር፣ ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ተገኘችው ስለ ኡራኑስ ከባልደረባው ጋራ ተነጋገረ፤ በዚያው ዕለት በ76 ዓመቱ ዐረፈ።