ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት እስከ ጨርጨር አገረ ገዥነት

የዛሬዋ ጭሮ በአሰበ ተፈሪ ስም በምትታወቅበት በ1930ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጨርጨርን ያስተዳደሩት በሙያቸው ሐኪም ነበሩ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በአውሮፓ የሕክምና ሥርዓት የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው።

የተወለዱት በጎንደር ነው። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ መኮንኖች ሕፃኑን አግኝተው ወደ ሕንድ ወሰዱት። ቻርልስ ማርቲን የሚለው ስም ካሳደጓቸው ሁለት መኮንኖች፣ ከቻምበርሌይንና ከማርቲን፣ የተወረሰ ነው። በ1882 ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ ከዚያም በስኮትላንድ ተምረው በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ።

የትምህርታቸው ዘመን ልብ ሊባል ይገባል። በተመረቁበት ዓመት ኤሊ ሜችኒኮፍ በመሲና የባሕር ኮከብ እጭ ላይ እሾህ ሰክቶ ሴሎች እሾሁን ሲከብቡት ተመለከተ፤ ስለ ተፈጥሯዊ የሰውነት መከላከያ የሚደረገው ጥናት አንዱ መነሻ ይኸው ነው። ወርቅነህ ግን ይህ ዕውቀት ወደ መማሪያ ክፍል ሳይገባ ነው ትምህርታቸውን የጨረሱት። ኢቫኖቭስኪ በ1892 የትንባሆን በሽታ አምጪ ከማጣሪያ አሳልፎ ሲመረምር እርሳቸው በርማ ነበሩ፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በለንደን በተለየበት በ1933 ደግሞ አሰበ ተፈሪ። በቫይረስ ላይ የዘመኑ ሐኪም እጅ ከነበሩት ጥቂት እውነተኛ መሣሪያዎች አንዱ የፈንጣጣ ክትባት ነበር። ለኢትዮጵያውያን ግን ሐሳቡ እንግዳ አልነበረም፤ ከታማሚ ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ቆዳ በመብጣት ማስተላለፍ ከዘመናዊው ክትባት አስቀድሞ በሀገሩ ይሠራበት ነበር።

ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ አማርኛ አያውቁም ነበር። አያታቸው ከልጅነት ጠባሳቸው ለይተው አወቋቸው፤ የአባታቸውን ስምና የራሳቸውን ስም መልሰው ያገኙት ያኔ ነው። ተመላልሰውም በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪምነት ሠሩ፤ ዐፄ ምኒልክንም በሕመማቸው ጊዜ አክመዋል።

በ1919 ጠቅልለው ከተመለሱ ወዲህ ግን ሕክምናው ወደ ጎን እየሆነ ሄደ። በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኃላፊነት ተሰጣቸው፤ በ1927 ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተላኩ። ቋንቋና የውጭ ዓለም ልምድ ያለው ሰው በጠፋበት ጊዜ መንግሥት ይህን ማድረጉ ይገባል፤ ሕክምናው ግን የሀገሩ ተወላጅ የሆነ ብርቅ ባለሙያ አጣ። ይህ ኪሳራ በሕይወት ታሪካቸው ብዙ ጊዜ አይመዘንም።

በጨርጨር የተኩት ከተማይቱን የቆረቆሯትን ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ነው። አውራጃው ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ፣ ቡና የሚበቅልበት፣ በሚኤሶ በኩል ከባቡር መስመር ጋር የሚገናኝ ነበር። የስልሳ አምስት ዓመት ገደማ አዛውንት ሆነው የተጀመረውን የአስተዳደር ማሻሻያ ቀጠሉ። ቀድሞ በአዲስ አበባ በፍቅርና አገልግሎት ማኅበር በኩል ለባርነት መወገድ መድከማቸውም ለዚህ ሹመት ያበቃቸው ይመስላል።

በ1935 ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ በወረራው ዘመንም የሀገራቸውን አቤቱታ ያሰሙ ነበር። የጥቁር አንበሳ አባላት የነበሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በ1937 በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ በጣሊያኖች ተገደሉ። አባታቸው ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1952 በአዲስ አበባ ዐረፉ።