ሻምበል አበበ ቢቂላና የግራ እግሩ አጥንት

የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም በተነሣ ቁጥር ሮማና ቶኪዮ ይታወሳሉ፤ ስለ ሜክሲኮ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። እኛ የአሰላ ልጆች ማለዳ ማለዳ ከጭላሎ ግርጌ ሯጮች ሲያልፉ እያየን ያደግን ስለ ሆንን፣ እኔ የሜክሲኮውን አበበ ላስታውሳችሁ እወዳለሁ።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ልጅነቱን በእረኝነት አሳልፎ አዲስ አበባ ገባና የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ለሩጫ አዘጋጀው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለትም በዘመን መለወጫ ዋዜማ ምሽት፣ በሮማ ጎዳና ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በቶኪዮ ድሉን ደገመ። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም።

በጥቅምት አንድ አጥንት የሚለው ተረት የተነገረው ለብርድ ነው፤ ለአበበ ግን የጥቅምቱ አጥንት ሌላ ሆነበት። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ለሜክሲኮው ውድድር ሲዘጋጅ ግራ እግሩን ያመው ነበር። ሐኪሞች ሲመረምሩት ከቅልጥሙ ጎን ያለችው ቀጭን አጥንት ተሰንጥቃ አገኟት፤ እስከ ውድድሩ ቀን እግሩን እንዲያሳርፍም መከሩት። በዕለቱ ከሯጮቹ ጋር ተሰለፈ፤ 16 ኪሎ ሜትር ግድም ሮጦም አቋረጠ። ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ አመጣ።

አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም። ሩጫ በየቀኑ በጥቂቱ ይጎዳዋል፤ ዕረፍትና ምግብ ይጠግኑታል። ጉዳቱ ጥገናውን ሲቀድም ይሰነጠቃል። አበበ ከሞተ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ሊቃውንት የአጥንትን ጥንካሬ በድምፅ የሚለኩበት ዘዴ አወጡ፤ ይኸውም አልትራሳውንድ ነው። ተረከዝ በመሣሪያው መካከል ይገባል፤ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ከአንዱ ወገን ተልኮ በሌላው ይያዛል። በጠንካራ አጥንት ውስጥ ፈጥኖ፣ በሳሳው ውስጥ ዘግይቶ ያልፋል። እንደ ራጅ ጨረር የለበትም። ይልቁንም የሚጠቅመው ለአረጋውያን ነው፤ አያቶቻችን በክረምት ጭቃ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ከመሰበሩ በፊት አደጋውን ለመገመት ይረዳልና። የተሰነጠቀውን የሯጭ አጥንት ለይቶ ለማወቅ ግን ይህ የተረከዝ ልኬት አይበቃም፤ ሌላ ምርመራ ያሻል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሯጩ ራሱ አመመኝ ማለት አለበት። ይህን መናገር በእኛ ዘንድ ፈሪ ያስብላል። አንድ የክፍላችን ልጅ ቅልጥሙን እያመመው ሁለት ወር ደብቆ ሮጠ፤ ዘንድሮ የውድድሩ ዕለት አጥር ተደግፎ ተመልካች ሆነ።

ወደ አበበ ልመለስ። በዚያው ዓመት በመጋቢት አንድ ማታ የሚነዳት መኪና ተገልብጣ አከርካሪው ተጎዳ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ቢታከምም ዳግመኛ መራመድ አልቻለም። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ግን በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በበረዶ ላይ የተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በብዙ ሺህ ሕዝብ ታጅቦም በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ።