ነጃሺ፦ አስከሬኑ በሌለበት የተሰገደለት ንጉሥ

በጅዳ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የወላጁን መርዶ በስልክ ሲሰማ ቀብሩ አብዛኛውን ጊዜ አልፏል፤ አፈር ማልበስም ሆነ ከለቀስተኛው ጋር መቀመጥ አይችልም። ሙስሊም ከሆነ ግን ሶላተል ጋኢብ፣ ማለትም አስከሬኑ በሌለበት የሚሰገደው የጀናዛ ሶላት፣ ትዝ ይለዋል። የዚህ ሶላት መነሻ የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ ነው።

ነጃሺ የማዕረግ ስም ሲሆን ከእኛው ንጉሥ ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። የዐረብ ጸሐፍት የመጠሪያ ስሙን አስሐማ ይሉታል። ስለ ልጅነቱ ኢብን ኢስሓቅ የተረከው እንዲህ ነው፦ አባቱን የገደሉ መኳንንት አጎቱን አነገሡ፤ ልጁ አድጎ እንዳይበቀላቸው ሰግተውም በ600 ድርሃም ለነጋዴ ሸጡት። በዚያው ዕለት ምሽት አጎቱን መብረቅ ገደለው፤ ከአጎቱ ልጆችም ለዙፋን የሚበቃ ጠፋ። መኳንንቱ ነጋዴውን ተከታትለው ልጁን ነጠቁትና ዘውድ ጫኑለት። ነጋዴው ገንዘቡን ተከልክሎ ነበርና ከአዲሱ ንጉሥ ፊት ቀርቦ ከሰሰ፤ ነጃሺም እንዲመለስለት ፈረደ። ትረካው አፈ ታሪክ ቢመስልም፣ በልጅነቱ የተሸጠ ሰው በኋላ ስደተኞችን አሳልፎ አለመስጠቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

እነዚያ ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ615 ከመካ ወጥተው ከጅዳ በስተደቡብ ከምትገኘው ሹዐይባ በግማሽ ዲናር ዋጋ መርከብ ተሳፈሩ። በዚያን ጊዜ የመካ ወደብ ሹዐይባ ነበረች፤ ጅዳ ቦታዋን የያዘችው በ26 ዓመተ ሒጅራ ነው። በኋላ በጃዕፈር ቢን አቢ ጣሊብ የሚመሩ ከ80 በላይ ወንዶች ተከተሉ። ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞችን ከቆዳ ስጦታ ጋር ልከው ይመለሱልን ቢሉም፣ ንጉሡ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ስጦታውን መለሰ። ኡሙ ሐቢባ ባሏ በሐበሻ ሞቶባት ብቻዋን በቀረች ጊዜም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አጯት፤ 400 ዲናር መህሯን የከፈለላት ነጃሺ ነበር።

ንጉሡ በ9 ዓመተ ሒጅራ ሞተ። በሐዲሥ እንደተዘገበው ነቢዩ ሞቱን በዚያው ዕለት በመዲና ለሶሓቦቻቸው ነገሩ፤ ወደ መስገጃው ሜዳ ወጥተውም ሰፍ አስይዘው በአራት ተክቢራ ሰገዱለት። ጃቢር በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሰፍ ቆሞ እንደነበር ያስታውሳል።

ሊቃውንቱ ከዚህ በኋላ ተለያዩ። የሻፊዒይና የሐንበሊ መዝሀቦች ሩቅ ለሞተ ሁሉ ይሰገዳል ሲሉ፣ ሐነፊዎችና ማሊኪዎች ለነጃሺ ብቻ የተፈቀደ ነው ይላሉ። ኢብን ተይሚያ ደግሞ በሞተበት አገር ላልተሰገደለት ሰው ብቻ ይሰገዳል ይላል፤ ነጃሺ በአገሩ የሚሰግድለት አልነበረምና። በእርግጥ የንጉሡን መስለም ሁሉም የኢትዮጵያ የታሪክ ጸሐፍት አይቀበሉትም። መቃብሩ በትግራይ፣ ከውቅሮ ብዙም በማትርቀው ነጋሽ እንደሚገኝ ይታመናል፤ በዚያ የሚገኘው መስጂድ በ2020 በተቀሰቀሰው ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል።

በመካው ታላቁ መስጂድ ዛሬ ከግዴታ ሶላት በኋላ የጀናዛ ሶላት በድምፅ ማጉያ ይታወጃል፤ አልፎ አልፎም በሌላ አገር ለሞተ መሪ ሶላተል ጋኢብ ይሰገዳል። የእኛም ሰዎች፣ ለዑምራ የመጡትም ሆኑ በከተማዋ የሚሠሩት፣ ስሙን ለማያውቁት ሟች ሰፍ ይይዛሉ።