ዓለምን በቋንቋ የገነቡት ደራሲ፡ ጄ. አር. አር. ቶልኪን

እንግሊዛዊው ደራሲና የቋንቋ ምሁር ጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪን በዓለም ዙሪያ የሚታወቁት «ዘ ሆቢት» እና «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» በተሰኙት ድርሰቶቻቸው ነው። ይሁንና ሁለቱ መጻሕፍት ከመታተማቸው አስቀድሞ ደራሲው ለረጅም ዓመታት የደከሙበት ሌላ ሥራ ነበራቸው። ይኸውም የራሱ ቋንቋ፣ ካርታ፣ የዘር ሐረግና የሺህ ዓመታት ታሪክ ያለው ምናባዊ ዓለም መገንባት ሲሆን፣ ቶልኪን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ አልፈጸሙትም። (ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቶልኪን ከአባታቸው ከአርተር ቶልኪንና ከእናታቸው ከሜብል ሳፊልድ ጃንዋሪ 3 ቀን 1892 በዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ በብሉምፎንቴይን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በከተማዋ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። በ1895 ከእናታቸውና ከታናሽ ወንድማቸው ከሂላሪ ጋር ዘመድ ለመጠየቅ ወደ እንግሊዝ ሲጓዙ አባታቸው በኋላ እንዲከተሏቸው ታስቦ ነበር። አባትየው ግን በዓመቱ በሕመም ምክንያት በዚያው በብሉምፎንቴይን ዐረፉ።

ሜብል ከበርሚንግሃም ወጣ ብላ በምትገኘው ሴርሆል በተባለች የገጠር መንደር ተቀምጠው ላቲንን ጨምሮ የመጀመሪያውን ትምህርት ለልጆቻቸው ራሳቸው ሰጡ። የመንደሯ የውኃ ወፍጮና ዛፎቿ በሕፃኑ ልብ ታትመው ቀሩ፤ ኋላም ለሆቢቶች አገር መነሻ ሆኑ። በ1900 ሜብል ወደ ካቶሊክ እምነት በመግባታቸው ከዘመዶቻቸው ያገኙት የነበረው የገንዘብ ድጋፍ ተቋረጠ። በ1904 ኢንሱሊን ገና ባልተገኘበት ዘመን በስኳር በሽታ በ34 ዓመታቸው ሲሞቱ ቶልኪን የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። የወንድማማቾቹን አሳዳጊነት አባ ፍራንሲስ ሞርጋን የተባሉ ካህን ተረከቡ።

ቶልኪን በልጅነታቸው ከአክስታቸው ልጆች ጋር የጨዋታ ቋንቋ ይፈጥሩ ነበር። በትምህርት ቤት ላቲንና ግሪክን ሲማሩ ጥንታዊ እንግሊዝኛንና ጎቲክን ደግሞ በራሳቸው ፍላጎት አጠኑ። በ1911 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ያገኙት የፊንላንድ ቋንቋ ሰዋስው በድምፁ ማረካቸው። ከዚህ የመነጨው የፈጠራ ቋንቋ ኋላ ኩዌንያ ተባለ። ሲንዳሪን ለተባለው ሁለተኛው ቋንቋ ደግሞ የዌልስ ቋንቋ አርአያ ሆናቸው። ተነባቢዎቹ እንደ ፊደል ገበታ በረድፍ የተደረደሩ፣ አናባቢዎቹም በምልክት የሚለዩ ጽሕፈትም አበጁ።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። ቶልኪን ቋንቋ በዘመናት ውስጥ የሚለወጥ ነገር መሆኑን በሙያቸው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ቋንቋው ተናጋሪ ሕዝብ ፈለገ፤ ሕዝቡ ታሪክ ፈለገ፤ ታሪኩም አገር ፈለገ። በርካታ ደራስያን ልብ ወለዱን አስቀድመው ስሞቹን በኋላ ሲያወጡለት፣ ቶልኪን ግን ከስሞቹ ተነሥተው ወደ ታሪኩ ደረሱ።

በ1908 እንደ እርሳቸው ወላጅ አልባ ከነበሩት ከኤዲዝ ብራት ጋር ተዋወቁ። አሳዳጊያቸው ትምህርታቸው እንዳይስተጓጎል በመስጋት 21 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ እንዳይገናኙ ከለከሏቸው። ቶልኪን ትእዛዙን አክብረው ቆዩ፤ 21 ዓመት በሞላቸው ዕለት ደብዳቤ ጻፉላቸው። ኤዲዝ በዚያን ጊዜ ለሌላ ሰው ታጭተው የነበረ ቢሆንም እጮኝነቱን አፈረሱ። ማርች 22 ቀን 1916 ጋብቻቸውን ፈጸሙ።

ሙሽራው ብዙም ሳይቆዩ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመገናኛ መኮንንነት ወደ ፈረንሳይ ዘመቱ፤ በሶም ግንባርም ተሰለፉ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሥነ ጽሑፍና ሕልም ይጋሯቸው ከነበሩት ሦስት የልብ ጓደኞቻቸው መካከል ሮብ ጊልሰን በውጊያው የመጀመሪያ ቀን፣ ጄፍሪ ስሚዝ ደግሞ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሞቱ። ስሚዝ ቀደም ሲል በላኩት ደብዳቤ፣ እርሳቸው ቢሞቱ ሊናገሩት የነበረውን ቶልኪን እንዲናገሩላቸው አደራ ብለው ነበር።

ቶልኪን በቅማል በሚተላለፍ የምሽግ ትኩሳት ታመው በኖቬምበር 1916 ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። በማገገም ላይ ሳሉም ጎንዶሊን ስለተባለች የተሰወረች ከተማ አወዳደቅ ጻፉ። በ1917 ኤዲዝ በዮርክሻየር በሚገኝ ጫካ ውስጥ በአበቦች መካከል ሲጨፍሩ ማየታቸው ደግሞ ለሟቹ ሰው ለቤረን ስትል የማትሞትነት ዕጣዋን የተወችውን የሉትየንን ታሪክ አስገኘ። «ሲልማሪሊዮን» የተባለው ታላቅ ሥራ መሠረቱ በእነዚህ ዓመታት ተጣለ።

ከጦርነቱ በኋላ በኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ዝግጅት ተሳትፈው በሊድስ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1925 በኦክስፎርድ የአንግሎ ሳክሰን ቋንቋ ፕሮፌሰር ሆኑ። አራት ልጆቻቸውን ለማሳደግ በትርፍ ጊዜያቸው የፈተና ወረቀት ያርሙ ነበር። በ1930 ገደማ አንድ ተፈታኝ ባዶውን በተወው ገጽ ላይ በጉድጓድ ውስጥ ስለሚኖር ሆቢት አንዲት ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ሆቢት ምን እንደሆነ ግን እርሳቸውም ገና አያውቁም ነበር። ድርሰቱ ተጠናቆ ለአሳታሚ ሲቀርብ የአሳታሚው የ10 ዓመት ልጅ ሬይነር አንዊን አንብቦ ወደደው፤ መጽሐፉም በሴፕቴምበር 1937 ታተመ።

አሳታሚው ተከታይ መጽሐፍ በጠየቀ ጊዜ ቶልኪን የልባቸውን ሥራ፣ «ሲልማሪሊዮን»ን አቀረቡ፤ ተቀባይነት ግን አላገኘም። በዚህ ሳይቀየሙ በዲሴምበር 1937 አዲስ ታሪክ ጀመሩ። ታሪኩም እየሰፋ ሄዶ ወደ ጥንቱ ዓለማቸው ገባ። መንገደኞቹ በቀን የሚጓዙትን ርቀት ከካርታው ጋር፣ የጨረቃዋን መሙላትና መጉደል ከቀናቱ ጋር እያስተያዩ ጽሑፉን ደጋግመው አረሙ። በ1944 ልጃቸው ክሪስቶፈር ለአየር ኃይል ሥልጠና በደቡብ አፍሪካ ሳሉ አዳዲሶቹን ምዕራፎች በፖስታ ይልኩላቸው ነበር።

ሥራው ከ10 ዓመታት በላይ ወሰደ። ያን ጊዜ አሳታሚ የሆኑት ሬይነር አንዊን መጽሐፉ እስከ 1 ሺህ ፓውንድ ሊያከስር እንደሚችል ቢገምቱም፣ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» በ1954 እና በ1955 በሦስት ጥራዞች ታተመ። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ ዝናው ናኘ። ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩት ፊልሞችም ለአዲሱ ትውልድ ደረሰ።

ዝናው ግን ያልተፈጸመውን ሥራ አላስረሳቸውም። ጡረታ ከወጡበት ከ1959 በኋላ አንዱን ሲያርሙ ሌላው እየተለወጠባቸው «ሲልማሪሊዮን»ን ሳይቋጩ ቀሩ። ኤዲዝ በኖቬምበር 1971 ሲያርፉ፣ ቶልኪን ሴፕቴምበር 2 ቀን 1973 በ81 ዓመታቸው በቦርንማውዝ ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አደራው ወደ ልጅ ተሻገረ። ክሪስቶፈር የአባታቸውን ረቂቆች አቀናብረው «ሲልማሪሊዮን»ን በ1977 አሳተሙ። ከ1983 እስከ 1996 ድረስ ደግሞ የምናባዊውን ዓለም አፈጣጠር የሚያሳዩ 12 ጥራዞችን አወጡ። እርሳቸውም በ2020 ዐርፈዋል።

ቶልኪንና ኤዲዝ በኦክስፎርድ በዎልቨርኮት መካነ መቃብር በአንድ ጉድጓድ ተቀብረዋል። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ከኤዲዝ ስም ሥር ሉትየን፣ ከቶልኪን ስም ሥር ደግሞ ቤረን የሚሉት ስሞች ተቀርጸው ይነበባሉ።