ቻርልስ ዲክንስ፤ የድኾች ልጆች ደራሲ

ልብ ወለድ ታሪክ ማንበብ ጊዜን በከንቱ ማሳለፍ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከወላጆቻችንም መካከል እንዲህ የሚያስቡ አይጠፉም፤ የሒሳብ ደብተራችንን ዘግተን የታሪክ መጽሐፍ ስንገልጥ ያዩን እንደ ሆነ ቅር ይላቸዋል። እኛም ከእነርሱ ጋራ ለመከራከር ብለን ሳይሆን ነገሩን ለመመርመር ያህል፣ በታሪኮቹ የብዙ ሰው ልብ ያራራውን የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቻርልስ ዲክንስን ሕይወት በዚህ የበዓል መጽሔታችን ላይ ለማውሳት አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዲክንስ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1812 ፖርትስማውዝ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ የባሕር ኃይል ደመወዝ በሚከፈልበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረ፤ ተጫዋችና ደግ ሰው ሲሆን የገንዘብ አያያዝ ግን ከቶ አያውቅም ነበር። ቤተ ሰቡ ወደ ሎንዶን ከተዛወረ በኋላ ዕዳው እየበዛ ሄዶ በ1824 አባትየው ማርሻልሲ በሚባለው የባለዕዳዎች ወህኒ ቤት ታሰረ። በዚያን ዘመን ዕዳውን ያልከፈለ ሰው እስኪከፍል ድረስ ይታሰር ነበር፤ ታስሮ ሳለ ደግሞ ሠርቶ ሊከፍል አይችልምና፣ የሕጉን ነገር አንባቢ ራሱ ይፍረደው።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ልጁ 12 ዓመት በሞላው ሰሞን፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ወደ ነበረ አንድ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ለሥራ ተላከ። ቤቱ ያረጀና አይጥ የሚርመሰመስበት ነበረ። የልጁም ሥራ የቀለሙን ዕቃ አፍ በወረቀት መክደን፣ በሲባጎ ማሰርና የፋብሪካው ስም ያለበትን ወረቀት መለጠፍ ነበር። በቀን 10 ሰዓት ሠርቶ በሳምንት የሚያገኘው 6 ሺሊንግ ብቻ ነው። እናቱና ታናናሾቹ አባቱን ተከትለው ወህኒ ቤት ገብተው ሲኖሩ፣ እርሱ በሰው ቤት ብቻውን እያደረ እሑድ እሑድ ሄዶ ይጠይቃቸው ነበር።

በዚያ ፋብሪካ ቦብ ፌጊን የሚባል አባትና እናት የሌለው ልጅ ነበረ። ሲባጎው እንዴት እንደሚቋጠር ለዲክንስ ያሳየው እርሱ ነው። አንድ ቀን ዲክንስን ጐኑን ክፉኛ ባመመው ጊዜ፣ ቦብ ጭድ አንጥፎ አስተኛውና በባዶ የቀለም ጠርሙስ ሙቅ ውሃ እየሞላ ጐኑን ሲያሞቅለት ዋለ። ይህን ስም አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ከጥቂት ወራት በኋላ አባትየው ተፈታ፤ ልጁ ግን ወዲያው ከፋብሪካው አልወጣም። በመጨረሻ አባቱ አስወጥቶ ትምህርት ቤት ሊያስገባው በፈለገ ጊዜ፣ እናቱ ወደ ሥራው ይመለስ ብላ ነበርና ዲክንስ ይህን ነገር ዕድሜውን ሙሉ ከልቡ ሊያወጣው አልቻለም። ስለ ፋብሪካውም ለልጆቹ እንኳ ሳይነግራቸው ሞተ፤ ሰው ሁሉ ያወቀው ወዳጁ ጆን ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን ባሳተመ ጊዜ ነው። በአፉ ያልተናገረውን ግን በብዕሩ ተናግሮታል፤ የተራበና ጠያቂ ያጣ ልጅ በየመጽሐፉ ይመላለሳል።

ካደገ በኋላ የጠበቃ ጸሐፊ፣ ቀጥሎም የፓርላማ ወሬ ጻፊ ጋዜጠኛ ሆነ። ዝናው የተጀመረው በ1836 መውጣት በጀመረው በፒክዊክ ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ በየወሩ በትንሽ በትንሹ እየታተመ አንዱ ክፍል በ1 ሺሊንግ ይሸጥ ነበርና፣ ሙሉ መጽሐፍ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ሁሉ ይገዛው ጀመር። መጀመሪያ 1,000 ያህል ብቻ የታተመው በመጨረሻ 40,000 ደረሰ። ማንበብ የማይችሉትም ተሰብስበው ሲነበብላቸው ይሰሙ ነበር። ዛሬ ሰው ተከታታይ ድራማ የሚቀጥልበትን ቀን እንደሚናፍቅ፣ እነርሱም ወሩ እስኪያልቅ ይናፍቁ ነበር።

ከዚያ ኦሊቨር ትዊስት መጣ። በ1834 በእንግሊዝ አገር በወጣው የድኾች ሕግ መሠረት ርዳታ የፈለገ ድኻ ወደ መጠለያ ቤት መግባት ነበረበት፤ በዚያም ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከወላጁ ተለይቶ እየሠራ በጥቂት ምግብ ይኖራል። ኑሮው ሆን ተብሎ የከበደ ነበረ፤ ይኸውም ሰነፍ ሁሉ እንዳይመጣ በማሰብ ነው። ዲክንስ ይህን ሕግ በንግግር አልተቃወመም፤ ዳግመኛ ገንፎ የለመነ አንድ ልጅ ብቻ አሳየ። ሕጉ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ተሻረ ብንል ውሸት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቷል። ነገር ግን ድኻን ሁሉ ሰነፍ የሚለው ሰው ያንን ልጅ ካወቀ በኋላ እንደ ቀድሞው ደፍሮ ለመናገር ሳይቸግረው አልቀረም።

በ1843 ደግሞ በማዕድን ማውጫና በፋብሪካ ስለሚሠሩ ሕፃናት የተጻፈውን የመንግሥት መርማሪዎች ሪፖርት አነበበ። በጣም ስላዘነ ስለ ድኾች ልጆች የተማጥኖ ጽሑፍ ለማሳተም አስቦ ነበር። ኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠና በ6 ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ስለ ንፉጉ ስክሩጅ የሚናገረውን የገና ታሪክ ጽፎ ጨረሰ። መጽሐፉ ዲሴምበር 19 ቀን ወጥቶ እስከ ገና ዋዜማ 6,000 ቅጂ ተሸጠ። እኛ ይህን ምርጫ በጣም እናደንቃለን። የተማጥኖው ጽሑፍ ቢታተም ኖሮ ያነበቡት ቀድሞውንም ያዘኑት ሰዎች ብቻ በሆኑ ነበር፤ የስክሩጅን ታሪክ ግን ስክሩጆችም አነበቡት።

ገንዘብም በታሪክ ይገኛል። በሎንዶን በ1852 በ10 አልጋ የተከፈተ የሕፃናት ሆስፒታል በገንዘብ እጦት በተቸገረ ጊዜ፣ ዲክንስ በ1858 በግብዣ ላይ ስለ ሆስፒታሉ ተናግሮ በዚያች ማታ 3,000 ፓውንድ ያህል ተሰበሰበ። ጥቂት ቆይቶም የገናውን ታሪክ ራሱ በሕዝብ ፊት አንብቦ ገቢውን ለሆስፒታሉ ሰጠ።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን፤ ግን አይገባም። በዚያው በ1858 ዲክንስ 10 ልጆች ከወለደችለት ከሚስቱ ከካተሪን ተለየ፤ መለያየታቸውንም በመጽሔት አሳትሞ አወጀ። ለማያውቀው ልጅ ያለቀሰ ሰው ለቤቱ እንዲህ መጨከኑ እኛን እጅግ አሳዝኖናል።

ሌላም ጥፋት አለበት። በኦሊቨር ትዊስት ውስጥ ሕፃናትን ሌብነት የሚያስተምረውን ክፉ ሽማግሌ ፌጊን ብሎ ጠራው፤ የዚያን የደግ ልጅ ስም መሆኑ ነው። ለምን እንዲህ እንዳደረገ እኛ ልንረዳው አልቻልንም። ከዚህም የሚብሰው፣ ሽማግሌውን አይሁዳዊ አድርጎት በየገጹ ስሙን ትቶ አይሁዱ እያለ መጥራቱ ነው። አንድ ሰው ሲሰርቅ ወገኑ ሁሉ የሰረቀ ይመስላል። ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በአገራችን ሸክላ ሠሪውንና ብረት ቀጥቃጩን በስሙ ሳይሆን በሞያው እየሰደቡ፣ ቡዳ እያሉ መሸሽ ስንት ዘመን እንደ ኖረ አያቶቻችን ያውቃሉ።

በ1863 ወይዘሮ ኢላይዛ ዴቪስ የተባሉ አይሁዳዊት ለዲክንስ ደብዳቤ ጻፉለት። ባለቤታቸው ከጥቂት ዓመት በፊት የዲክንስን ቤት ገዝተው ስለ ነበር ትውውቅ ነበራቸው። ወይዘሮዋም ለተገፉት የሚቆረቆር ደራሲ በተገፋ ሕዝብ ላይ ታላቅ በደል ማድረሱን በትሕትና አመለከቱት። ዲክንስ በመጀመሪያ መልሱ ራሱን ተከላከለ፤ ታላላቅ ሰዎችም እንደ እኛው ጥፋታቸውን በአንድ ጊዜ ማመን ይቸግራቸዋል። ቆይቶ ግን ከ1864 እስከ 1865 ባወጣው ታሪክ ራያ የሚባል ደግና ቅን አይሁዳዊ ሽማግሌ አስገባ። በ1867ም የኦሊቨር ትዊስት መጽሐፍ እንደገና ሲታተም፣ በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች አይሁዱ የሚለውን መጠሪያ ከአብዛኛው ቦታ ሰርዞ ፌጊን በሚለው ስም ተካው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ግን እንደ ነበሩ ቀሩ። ወይዘሮ ዴቪስም ለምስጋና አንድ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ላኩለት።

ዲክንስ ጁን 9 ቀን 1870 በ58 ዓመቱ ሞተ። ያለ ብዙ ሥነ ሥርዓት እንዲቀበር ተናዝዞ ነበርና በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን የተቀበረው በማለዳ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ባሉበት ነው። ነገር ግን ወሬው በከተማው ተሰማ፤ መቃብሩም ለጥቂት ቀናት ሳይዘጋ ስለ ቆየ ብዙ ሕዝብ እየመጣ አየው።