ክሪስቶፈር ስትሬቺና የዳታ ዓይነት መስፈርት

ክሪስቶፈር ስትሬቺ እ.ኤ.አ. በ1916 በለንደን ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰቡ በምሁርነት የታወቀ ሲሆን ደራሲው ሊተን ስትሬቺ አጎቱ ነበር። እርሱ ግን ከካምብሪጅ የወጣው ለምርምር በማያበቃ መካከለኛ ውጤት ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ለዓመታት በትምህርት ቤት አስተማረ። በ1952 በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ማሽን ላይ ዳማ የሚጫወት ፕሮግራም ሠራ።

በ1960ዎቹ ከካምብሪጅና ከለንደን ባልደረቦቹ ጋር ሲፒኤል የተሰኘውን ቋንቋ ነደፈ። ቋንቋው ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሳይውል ቢቀርም ማርቲን ሪቻርድስ ከእርሱ ቀንሶ ቢሲፒኤልን አወጣ፤ የዳታ ዓይነትን መለየት ከተቀነሱት አንዱ ነበር። ከቢሲፒኤል ቢ፣ ከቢ ሲ፣ ከሲ ደግሞ ሲ ፕላስ ፕላስ ተገኙ።

ስትሬቺ ራሱ የዓይነትን ጥያቄ አልተወውም። በ1967 በኮፐንሃገን በሰጠው ትምህርት አንድ ፋንክሽን ብዙ ዓይነቶችን የሚቀበልባቸውን ሁለት መንገዶች ለየ። የመደመር ምልክት ለሙሉ ቁጥርና ለአስርዮሽ ቁጥር በስም አንድ ቢሆንም ከጀርባው የተለያየ ኮድ አለው። አንድን ፋንክሽን በዝርዝር አባላት ሁሉ ላይ የሚያውለው ማፕ ግን ለማንኛውም ዓይነት ያው ነው፤ የሚጠይቀው የአባላቱ ዓይነት ፋንክሽኑ ከሚቀበለው ጋር እንዲገጥም ብቻ ነው። ይህም ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በኮምፓይል ወቅት ሊረጋገጥ ይችላል።

ክፍፍሉ ዛሬም መመዘኛ ነው፤ ነገር ግን በዳታ ስብስብ አባላት ላይ የሚያመላልሰው የሲ ፕላስ ፕላስ ኢተሬተር ከሁለቱ በአንዱ ብቻ አይመደብም። አልጎሪዝሙ አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ወደ ቀጣዩ አባል የመሻገሩ ተግባር ግን እንደ ኢተሬተሩ ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ መስፈርት ያስፈልጋል። ሶርት ወደ ፈለገው ቦታ በአንድ ጊዜ መዝለል የሚችል ኢተሬተር ይሻል፤ የሊንክድ ሊስት ኢተሬተር ግን አንድ በአንድ ብቻ ይሄዳል። በ1998ቱ ስታንዳርድ ይህ መስፈርት በሰነዱ ለአንባቢ የተጻፈ እንጂ በኮዱ ለኮምፓይለሩ የተነገረ አልነበረም፤ ስሕተቱም ከላይብረሪው ውስጠኛ ኮድ በረጅም መልእክት ይወጣ ነበር። በ2020ው ስታንዳርድ የገቡት የሬንጅ አልጎሪዝሞች መስፈርታቸውን ኮንሴፕት በተባለው ስልት በመግለጫቸው ላይ አስፍረዋል፤ ጥሰቱም ፋንክሽኑ በተጠራበት ቦታ ይታወቃል።

ስትሬቺ ለኅትመት እጁ የሚፈጥን ሰው አልነበረም። በኦክስፎርድ ከ1969 ጀምሮ ከዳና ስኮት ጋር በፕሮግራም ትርጉም ሒሳባዊ መሠረት ላይ ሠራ፤ በ1971 ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1975 በጉበት ሕመም በ58 ዓመቱ አረፈ። የኮፐንሃገኑ ማስታወሻ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በመጽሔት የታተመው ከ33 ዓመታት በኋላ፣ በ2000 ነው።