አጤ ፋሲልና የዓባይ መሻገሪያ

ዓባይ ከጣና ወጥቶ በበጌምድርና በጎጃም መካከል ገደል እየቈፈረ የሚወርድ ወንዝ ነው። በቀደመው ዘመን በበጋ ጊዜ ሰው መልካውን እየለየ በእግሩ፥ ወይም በተነፋ ቁርበት ተደግፎ ይሻገረው ነበር፤ ክረምት በገባ ጊዜ ግን ነጋዴውም ካህኑም በየማዶው ይቀር ነበር፤ አዞ የበላው፥ ጐርፍ የወሰደውም ብዙ ነው። ስለዚህ የዚህን ሸለቆ ነገር ስንጽፍ የአጤ ፋሲልን ሕይወት ማስቀደም ተገባን።

ፋሲል የአጤ ሱስንዮስና የእቴጌ ወልደ ሰዓላ ልጅ ናቸው። አባታቸው በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት በግልጥ ስለ ተቀበሉ፥ በኋላም በአዋጅ ስላጸኑት፥ አገር ሁሉ ታወከ፤ አባት ከልጅ፥ ወንድም ከወንድም ተለያየ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት 8,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። የሞቱትም ባዕዳን አልነበሩም፥ የገዛ ሕዝባቸው እንጂ። ንጉሡም ይህን አይተው እጅግ አዘኑ፤ ልጃቸው ፋሲልም ስለ ሕዝቡ ከለመኑት ጋራ ሆነው አባታቸውን ለመኑ ይባላል። በዚያው ዓመት የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ታወጀ፥ ዘውዱም ለፋሲል ተላለፈ፤ ስመ መንግሥታቸውም ዓለም ሰገድ ተባለ።

አዲሱ ንጉሥ የሮማን መምህራን በ1626 ዓ.ም. ከአገር አስወጡ፤ በዚህም ነገር እጃቸው ከባድ ነበረ፥ ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን አንድ ማስተዋል አደረጉ፤ ሰዎቹን ሲሰዱ ጥበቡን አልሰደዱም። ከጢስ ዓባይ በታች ያለው የአላታ ድልድይ በ1618 ዓ.ም. ገደማ፥ ከፓትርያርኩ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋራ በመጣ ግንበኛ እጅ፥ በኖራ የተሠራ ነው። (ዛሬ ብዙ ሰው የፋሲል ሥራ ነው ይላል፤ ያሠሩት ግን አባታቸው ናቸው።) ፋሲል ይህን በጥል ዘመን የተሠራ ድልድይ አላፈረሱም፤ እንዲያውም ኖራውንና ቅስቱን ይዘው በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈሩ፥ ግንቡንም አነጹ፤ የአክሱም ጽዮንን ቤተ ክርስቲያንም እንደ ገና ሠሩ። ታሪካቸውም ሰባት የድንጋይ ድልድይ ይቈጥርላቸዋል። ከዚህ የተነሣ ሕዝቡ አሮጌ ድልድይ ባየ ቍጥር የፋሲል ነው ማለትን ለመደ።

ከነዚህም የእርሳቸው ነው የሚባለውና ስሙ እጅግ የታወቀው ከአላታ በታች በሞጣ በኩል በዓባይ ላይ ያለው ነው። ገደሉ እጅግ ጠባብ፥ ውኃውም ጥልቅ በሆነበት ስፍራ፥ ድንጋዩ በኖራ ተያይዞ ተሠራ። በዚህም የጎጃምና የበጌምድር ሰው ክረምት ሳይከለክለው ወደ ገበያውና ወደ ዘመዱ ተገናኘ፤ ተማሪውም ቅኔ ሊማር ወደ ጎጃም ተሻገረ።

አጤ ፋሲል 35 ዓመት ነግሠው በጥቅምት 1660 ዓ.ም. በአዘዞ ዐረፉ፤ ሥጋቸውም በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ተቀበረ።

ድልድዩ ግን ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። በ1928 ዓ.ም. የጀመረው የኢጣልያ ወረራ በሆነ ጊዜ፥ ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች መካከሉን ቈረጡት፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆነ። ሕዝቡም በሁለቱ ጫፍ ገመድ ዘርግቶ፥ ተሻጋሪውን ወገቡን አስሮ ከማዶ ወደ ማዶ ይስበው ነበር፤ በ1990ዎቹ ዓመታት እንኳ እንዲሁ የተሻገሩ አሉ። ከዚያ በኋላ ነው የእግር መንገደኛ የሚያሻግር የብረት ገመድ ድልድይ በስፍራው የተሠራው።